ደወሉና ሜዳው

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆቻችን ሥጋ ነው። ትምህርት ቤት የልጅን አእምሮ በፊደልና በቁጥር የሚቀርጽ ቤት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ያው ቤት የልጁን እግርና ክንድ፣ ሳንባና ልብ ጭምር ቃል ሳይናገር በየቀኑ እንደሚያስተምር፣ የሚያስተምረውም ምን እንደ ሆነ ቆም ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ጉዳይ ኖሮኝ በአዲስ አበባ ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ሄጄ፣ ርእሰ መምህሩ ከስብሰባ እስኪወጡ ድረስ ከቢሯቸው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስጠባበቅ፣ ዘበኛው ከጽዱ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በፌሮ ብረት ደጋግመው መቱና የዕረፍት ሰዓት ሆነ። ግቢው ጠባብ ነው፤ እኩሌታው በመምህራን መኪናና ለአዲስ ሕንፃ በተከመረ አሸዋ ተይዟል፤ የቀረው ኮብልስቶን የተነጠፈበት ስለ ሆነ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ ሳይላጥ አይነሣም። በዚያች ቦታ ላይ ብዙ መቶ ልጆች በአንድ ጊዜ ፈሰሱባት። ከአራተኛ ክፍል የማይበልጡ ሦስት ሴቶች ልጆች ወደ ግንቡ ጥግ ሄዱና፣ አንደኛዋ ከቦርሳዋ የሱዚ ላስቲክ አውጥታ ከጓደኛዋ ጋር በቁርጭምጭሚታቸው ወጥረው ሲይዙት፣ ሦስተኛዋ ጫማዋን አውልቃ ለመዝለል ስትሰናዳ፣ ተረኛው መምህር መጥተው «ተዉ፣ ትወድቃላችሁ» ብለው ላስቲኩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። በቁጣ አላደረጉትም፤ ድምፃቸው ለልጁ የሚሳሳ አባት ድምፅ ነበር። ሦስቱ ልጆች የቀረውን ዕረፍት ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ቆመው ጨረሱት።

ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያስገደደኝ ያ ላስቲክ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ደወሉ፣ ግቢው፣ ክልከላው፣ ቅጣቱ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ ሳያቋርጡ ያስተምራሉ። ልጅ መንቀሳቀስን ወዳጅ አድርጎ ወይም ፈርቶት የሚያድገው ከእነዚህ በሚያገኘው ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

የሀገራችን ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ሲሆኑ፣ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። ይህን ትምህርት ያቆየልን የአብነት ትምህርት ቤትም፣ ሰውነት ማጎልመሻ የሚባል የተለየ ትምህርት ባይኖረውም እንኳ፣ ሥጋን ከትምህርቱ ደጅ አላስቀረውም። የአቋቋም ተማሪ ዜማውን በጉሮሮው ብቻ አጥንቶ ለምስክር አይበቃም፤ መቋሚያውን ይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየዘመመ፣ ጽናጽሉን እያንሿሿ፣ በከበሮው ምት እግሩን እያነሣ እየጣለ፣ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሞ እያደረ፣ ቃሉን ከአካሉ ጋር አዋሕዶ ይይዘዋል። ቆሎ ተማሪውም አኮፋዳውን አንግቦ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ ለቁራሽ እንጀራ ከመንደር መንደር ሲዞር፣ ለየኔታ ውሃ ሲቀዳና እንጨት ሲለቅም የሚውል ስለ ሆነ፣ እግሩ ሥራ ፈትቶ አያድርም። ያንን ሕይወት መልሼ አልመኘውም፤ ረኀብና ዕከክ፣ አለንጋም ነበረበት፤ ብዙ ሕፃንም ከዚያ መንገድ ላይ ቀርቷል። የምለው ይህን ነው፤ ያ ትምህርት ቤት ሰባቱን ባሕርያት በአንድነት ይዞ ሲያስተምር፣ የእኛ ዘመን ትምህርት ቤት ሦስቱን ብቻ ይፈልግና አራቱን ከወንበር ጋር አሥሮ ዝም እንዲሉ ያዝዛቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ያህል፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ እስኪመታና ትንፋሹ እስኪፈጥን ድረስ መንቀሳቀስ እንደሚገባው ይመክራል፤ በሳምንትም ቢያንስ በ3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲኖርበት ያሳስባል። ዝላይ ከዚህ ከኋለኛው ወገን ነው። አጥንት ክብደት ሲያርፍበት የሚጠነክር ፍጥረት በመሆኑና የልጅነትና የጉርምስና ዘመንም ሰው ለእርጅናው የሚሆነውን የአጥንት ስንቅ የሚቋጥርበት ዘመን በመሆኑ፣ ያቺ ልጅ በላስቲኩ ላይ ብትዘል ኖሮ ለስድሳ ዓመቷ ስንቅ ታስቀምጥ ነበር። የዚያው ድርጅት ተመራማሪዎች በ146 አገሮች ከሚገኙ ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው 1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች የተሰበሰበውን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ከመቶው 81ዱ ከተባለው ልክ እንደማይደርሱ አስታውቀዋል፤ ለብቻ ሲቈጠሩም ልኩን የማያሟሉት ከሴቶች ልጆች 85 በመቶ፣ ከወንዶች 78 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፤ የተቈጠሩት ሁሉ ተማሪዎች ናቸው።

ወላጅ ይህን ሲሰማ «የእኔ ልጅ እንኳ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አለው» ብሎ ይጽናና ይሆናል። እስቲ ያን ክፍለ ጊዜ በሚዛን ላይ እናውጣው። 40 ደቂቃ ነው እንበል። ከክፍል ተወጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ስም ተጠርቶ፣ በመጨረሻም ወደ ክፍል እስኪመለስ 10 ደቂቃ ይሄዳል። ተማሪው 50፣ ኳሱ አንድ ሲሆን፣ መምህሩ ተራ በተራ እየጠሩ ኳስ ያስመታሉ። የቀረው 30 ደቂቃ 1,800 ሰከንድ ነው፤ ለ50 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 36 ሰከንድ ይደርሰዋል። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ልጁ የፊተኛውን ጓደኛውን ማጅራት እያየ በፀሐይ ቆሞ ያሳልፈዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜም ቢሆን ድምሩ አንድ ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ግን በመርሐ ግብሩ ላይ ሙሉ ሆኖ ተጽፎ ይታያል።

ያንኑ ሃምሳ ልጅ በአሥር በአሥር ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን የጨርቅ ኳስ፣ ለሁለተኛው ገመድ፣ ለሦስተኛው ዱላ ቅብብል፣ ለአራተኛው ሰኞ ማክሰኞ፣ ለአምስተኛው አባሮሽ ሰጥቶ፣ በየ5 ደቂቃው ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውር መምህር ግን በዚያው 30 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ 25 ደቂቃ ያስገኝለታል። ለዚህ የሚፈለገው ዕቃ ጠመኔ፣ አሮጌ ካልሲና ጥቂት ክንድ ገመድ ነው። ይህን ዐይነት መምህር አይቻለሁ፤ ፊሽካቸውን ከሚነፉበት ይልቅ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉበት ጊዜ ይበዛል።

የሴቶች ልጆችን ነገር በተለይ መናገር ይገባል። በብዙ ትምህርት ቤት በስፖርት ሰዓት ሴቶቹ ከጥላ ሥር ተቀምጠው የወንዶቹን ሹራብና ቦርሳ ሲጠብቁ ታያላችሁ። «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» የሚል መልስ ትሰማላችሁ። ነገር ግን የደንብ ልብሷ ጉርድ ቀሚስ ሆኖ፣ መለወጫ ክፍል ሳይኖር፣ መታጠቢያ ውሃ ሳይኖር፣ የወር አበባዋም በመጣበት ቀን የምትጠጋበት ሥፍራ ሳይኖር፣ ሜዳውም ከጫፍ እስከ ጫፍ በወንዶች ኳስ ተይዞ ሳለ፣ ያቺን ልጅ ከጥላው ሥር ያስቀመጣት የትምህርት ቤቱ አሠራር እንጂ የገዛ ተፈጥሮዋ ነው ለማለት እንዴት ይቻላል? ሱዚና ፔፕሲ፣ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ ሴቶች ልጆች ማንም ሳያዝዛቸው የሚጫወቷቸውና ያቆዩዋቸው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርቶች ናቸው፤ የሚጠይቁትም ሁለት ሜትር ቦታና የማይቀማ ላስቲክ ብቻ ነው።

ሌላው አስተማሪ ቅጣት ነው። እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጠዋት ዘግይቼ ብደርስ፣ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ እስኪፈታ ከበሩ ካቆሙኝ በኋላ ሜዳውን ሰባት ጊዜ እንድዞር ታዘዝሁ፤ አራተኛውን ዙር ስጀምር ክፍሉ ሁሉ በመስኮት ያየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን ሩጫና ኀፍረት በኅሊናዬ አንድ ስም ነበራቸው። ዛሬም «ዙር» የሚለው ትእዛዝ በየግቢው ይሰማል። ከዚህም የሚከፋው ዕረፍት መከልከል ነው፤ በክፍል ውስጥ ተቁነጠነጠ ተብሎ ዕረፍት የሚከለከለው ልጅ ከሁሉ ይልቅ መሮጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነውና፣ ውሃ የጠማውን ሰው ከምንጭ እንደ ማራቅ ያለ ነው።

አሁን አንድ አስቸጋሪ ነገር ላንሣ፤ ሸሽጌው ባልፍ አድማጭን መበደል ይሆንብኛል። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ ተመራማሪዎች በሦስት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች እንቅስቃሴን የሚቈጥር ትንሽ መሣሪያ አስታጥቀው ውሏቸውን ለኩ። አንደኛው ትምህርት ቤት በሳምንት 9 ሰዓት ስፖርት የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለቱ ግን የሚሰጡት ከ2 ሰዓት እምብዛም ያልራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ ሲወጣ፣ የልጆቹ ጠቅላላ እንቅስቃሴ ከሞላ ጐደል እኩል ሆኖ ተገኘ፤ በትምህርት ቤት ጥቂት የተንቀሳቀሱት ከትምህርት በኋላ አካክሰውት ነበር። እንግዲህ የትምህርት ቤት ድርሻ ከንቱ ነው ማለት ነውን?

ብዙ ጊዜ አሰላስዬው የደረስሁበት ይህ ነው። ጥናቱ የሚያስረዳው የክፍለ ጊዜ ብዛት ብቻውን ልጅን እንደማይለውጥ ነው፤ ልጅ የመንቀሳቀስ ረኀብ አለውና በአንዱ ደጅ ያጣውን በሌላው ደጅ ይፈልጋል። ነገር ግን ለማካካስ ሁለተኛ ደጅ ያስፈልጋል። በእኛ ከተማ ያለውን ልጅ ተመልከቱ። ጠዋት በሰርቪስ ተጭኖ ይሄዳል፤ ማታ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀምጦ ይመለሳል፤ ቤቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ፣ ከሕንፃዎቹ መካከል ለልጆች ታስቦ የነበረው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ እናቱም መኪናውንና የማታውቀውን ሰው ፈርታ «ከደጅ እንዳትወርድ» ትለዋለች፤ የቤት ሥራውም ይጠብቀዋል። የሰፈር ሜዳ በጠፋበት ከተማ የትምህርት ቤቱ ግቢ ለዚያ ልጅ የመጨረሻው ሜዳ ነው፤ እዚያም ላስቲኩ ከተቀማ የሚያካክስበት ቦታ የለውም።

ስለ መንገድ ካነሣን ዘንዳ የአርሲን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ኀይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አቅራቢያ ባደገበት ዘመን ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድና በዚያው መንገድ ይመለስ ነበር፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ፣ ግራ ክንዱ ገና ደብተር እንደ ታቀፈ ሁሉ ታጥፎ ይታይ ነበር። በቆጂ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያወጣች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለአፍሪቃ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘች። ለብዙዎቹ የበቆጂ ሯጮች መሠረት የጣሉት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በዚያችው ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ሰው የበቆጂን ነገር ሲያወራ ከፍታውንና አየሩን፣ ገብሱንና ወተቱን ያነሣል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ፣ መንገዱ ያበረታውን እግር በሰልፍ መካከል ለይቶ ያየ መምህር በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መገኘቱ ነው። አየሩ በሌላውም ተራራ አለ።

ይህን ስል ልጆች በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ይሂዱ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ያ መንገድ ለአንድ ኀይሌ ክንፍ ሲሆን፣ ለብዙ ሺህ የገጠር ልጅ፣ ይልቁንም በጫካና በወንዝ ለምታልፍ ልጃገረድ፣ ትምህርት ማቋረጫ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤት መቅረብ በረከት ነው። መቅረቡ የወሰደውን እንቅስቃሴ ግን ራሱ ትምህርት ቤቱ በሌላ መንገድ መመለስ አለበት።

እንዴት እንደሚመለስ ካየኋቸውና ካነበብኋቸው ሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ በስኮትላንድ በስተርሊንግ ከተማ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሴንት ኒኒያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ኢሌን ዋይሊ ልጆቹ በጥቂት ሩጫ እንደሚደክሙ አይተው፣ መምህራኑ በየቀኑ በመረጡት ሰዓት ክፍላቸውን ይዘው ለ15 ደቂቃ ወደ ውጭ እንዲወጡ አደረጉ። ልብስ መቀየር የለም፤ ውድድር የለም፤ አንደኛና መጨረሻ የሚባል የለም፤ የፈለገ ይሮጣል፣ የደከመው ይራመዳል፣ ከጓደኛው ጋር እያወራ ይዞራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ልጅ አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ልማዱም የዕለት ማይል ተብሎ ከስኮትላንድ ወጥቶ ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ፤ የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ልማዱን የያዙት ልጆች ካልያዙት ይልቅ በትንፋሽ ጽናትም፣ በሰውነት ስብ መቀነስም ተሽለው ተገኙ። የዚህ ነገር ምሥጢሩ ልጁን በማፎካከር አለማሳፈሩ ይመስለኛል፤ እኔ ሰባት ዙር የዞርሁበትን ሜዳ ባስታወስሁ ቍጥር ይህን አስባለሁ።

በፊንላንድ ከእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ዕረፍት የመስጠት ልማድ የቆየ ነው፤ ልጆቹም በበረዶው ወራት ሳይቀር ለብሰው ይወጣሉ። በጃፓን ደግሞ፣ ይህን ለእናንተ ለሬዲዮ አድማጮች ስናገር ደስ ይለኛል፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1928 በሬዲዮ ጣቢያ በፒያኖ ዜማ የታጀበ የሰውነት እንቅስቃሴ መተላለፍ ጀመረ፤ ዛሬ የሚሰማው ዐይነት ከ1951 ወዲህ የቆየ ሲሆን፣ ልጆች በክረምት ዕረፍታቸው ወራት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በየሰፈሩ ሜዳ ተሰብስበው፣ ጥቂት ደቂቃ ከድምፁ ጋር ከተንቀሳቀሱ በኋላ በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ካርድ ላይ ማኅተም ይመታላቸዋል። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወራት እንኳ ልማዱ ልጁን ተከትሎ ሰፈር ድረስ ይሄዳል።

ወደ ጥቅምቱ ቀን ልመለስ። ርእሰ መምህሩ ከስብሰባ ሲወጡ፣ ጉዳዬን ከጨረስሁ በኋላ፣ ስለ ላስቲኩ ነገርኋቸው። ተረኛውን መምህር አልነቀፉም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ልጅ በዚያው ኮብልስቶን ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ወላጆቿ ትምህርት ቤቱን በብርቱ እንደ ወቀሱ ነግረውኝ፣ «እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አሉኝ። የሰጠሁት መልስ የሚረባ አልነበረም። ዝም ብለን በመስኮቱ ግቢውን ስናይ ቆየንና፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሳቸው ራሳቸው «ሁሉንም በአንድ ደወል ማውጣታችን ነው ስሕተቱ» አሉ።

በሚያዝያ ተመልሼ ስሄድ ቸርኬው ለዕረፍት ሁለት ጊዜ ይመታ ነበር፤ መጀመሪያ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት፣ እነሱ ሲገቡ ታላላቆቹ ይወጣሉ። የመምህራኑ መኪኖች ወደ ኋለኛው በር ተዛውረዋል። ሕንፃው ገና አላለቀም፤ ከአሸዋው ግን ጥቂቱን ተረኛው መምህር ከተማሪዎች ጋር ሆነው በግንቡ ጥግ አንድ ክንድ ያህል አጥልቀው አንጥፈውታል። ልጆቹ ከኮብልስቶኑ ጫፍ ተንደርድረው ወደ አሸዋው ይዘላሉ፤ አንዲት ልጅ ዘላ በወደቀችበት ቦታ ተረከዟ የጣለውን ምልክት በጣቷ ከበበችና፣ ጫማዎቿን በእጇ ይዛ፣ ተመልሳ ከሰልፉ ጅራት ተሰለፈች።